አንቱታ

በርገን ዛሬም ዝናብ ነው፣ ትናንትም ዝናብ ነበር።
ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከጎመኔ ሥር
ተንበርክኬ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣
የባሌን የዓሣ ማጥመጃ ካፖርት ለብሼ፣
አዲሷን ካሜራ እንደ እንቁላል ይዤ
አለሁ፤ ጉልበቴ ረጥቦ፣ ጣቴ በርዶ፣ ፈዝዤ።

ሃያ ስምንት ዓመት ትኬት ስቆርጥ በጀልባ፣
መኪና ሲወጣ፣ መኪና ሲገባ፣
የአንድ ሰው ፊት እንኳ አጥርቼ ያላየሁ
በስተርጅና የቀንድ አውጣ ፊት ፍለጋ ወጣሁ።

ቀንድ አውጣ ስላችሁ ቤት ያለው አይደለም፤
ይኸኛው ዛጎል፣ ጣራ፣ ጓዳ፣ ምንም የለም።
እርቃኑን ነው የሚሄድ፣ ጣት የሚያህል፣ ቡናማ፣
ልጋጉን እያነጠፈ በሰው ማሳ፣ በጨለማ።

ጎረቤቴ ኦስሙን ይጠላዋል ክፉኛ፤
ነሐሴ ሲገባ ይወጣል እንደ ሌሊት ዘበኛ፣
ግንባሩ ላይ መብራት፣ በቀኙ መቀስ፣
ይቆርጣል፣ ይቆጥራል፣ ወገቡ እስኪሰበር ድረስ።
«መቶ አርባ!» ይለኛል በአጥሩ አሻግሮ፣ «አንቺስ ስንት?»
«ሁለት፤ አንዱ ብዥ ያለ፣ አንዱ የራሴ ጣት።»

የካሜራው መምሪያ ሰባ ስምንት ገጽ ነው፤
ያነበብኩት ስድስት፣ የገባኝ ግማሹ ነው።
«ቅረብ» ይላል። ቀረብኩ። ሌንሱ በትንፋሼ ደመነ።
«ራቅ» ይላል። ራቅኩ። ቀንድ አውጣው ቅጠል ሆነ።
በቀንድ አውጣ ዝግመት የሚቀልድ ሰው ካለ
ይምጣና ይሞክረው፣ በዚህ ሌንስ፣ ከቻለ!
ጣቴ ቁልፉን ሳይጫን እሱ አገር አቋርጧል፤
ምስሉ ውስጥ የጭራው ጫፍ ብቻ ቀርቷል።

ልለምነው አሰብኩ። ፎቶ አንሺ «ዞር በል» ይል የለ?
አፌ ላይ ግን ቃሉ ተንጠለጠለ።
«ዞር በል» ነው «ዞር በይ»?
ይህ ፍጥረት ወንድም ሴትም ነው፣ ባንድ ገላ፤
«አንተ» ብለው ግማሹ ይቀራል፣ «አንቺ» ብለው ሌላ።
ስለዚህ አንቱ አልኩት።
«እባክዎ» አልኩ፣ «ቀና ይበሉ ጥቂት።»

እሳቸውም (ለእኔ ብለው አይደለም፣ ለጎመኑ ነው)
ቀንዳቸውን አወጡ፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ስማቸው።
አራት ናቸው፤ ሁለቱ አጫጭር፣ መሬት የሚዳስሱ፣
ሁለቱ ረጃጅም፣ ጫፋቸው ላይ ዓይን የለበሱ።
የእኔ ዓይን በመስታወት ጫፍ፣ የሳቸው በቀንድ ጫፍ፣
ተያየን፣ ወይ መሰለኝ፣ በአንዲት ቅጠል አፋፍ።

ከዚያ በቀኝ ጎናቸው፣ ከአንገታቸው ዝቅ ብሎ፣
አንድ ክብ ቀዳዳ ተከፈተ ቀስ ብሎ፤
ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሰ።
ቆየ። ተዘጋ። ደግሞ ተከፈተ።
ለካ መተንፈሳቸው ነው።
በሆስፒታል ክፍል፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ ቀጣዩን ትንፋሽ
ስጠብቅ ያደርኩበት አልጋ ትዝ አለኝ።
እሱን ግን ሌላ ጊዜ።
እጄ እንዳይንቀጠቀጥ የራሴን ትንፋሽ ያዝኩ፤
እሳቸው ሲተነፍሱልኝ፣ ተጫንኩ።

«ምን ጠፋብሽ?» ኦስሙን ነው፣ መቀሱን እንደያዘ።
አሳየሁት። ትንሿ መስኮት ላይ ዓይኑ ፈዘዘ።
«ምንድን ነው ይሄ ቀዳዳ?»
«አፍንጫቸው።»
«የማናቸው?»
አልመለስኩም። አፍንጫውን ጠረገ፣ ወደ ማሳው ሄደ፤
መቀሱ ጥቂት ዝም አለ፤ ከዚያ መቁረጡን ወደደ።

ጠዋት ብነሣ፣ ሰላጣዬ የለም።
እስከ ሥሩ። አንዲት ቅጠል እንኳ አልተረፈችም።
በልጋግ ያበራል የሄዱበት መንገድ፣
ጨው ይዤ ወጣሁ፣ እንደ እብድ።
«ይድፋ…» አልኩና አፌ ላይ ተያዘ፤
የአንቱታው ጅራት እርግማኑን አደነዘዘ።
«ይድፋዎት!» ብዬ ጨረስኩት፤ ሳቄ መጣ፣
እንዲህ ያለ እርግማን ከማን አፍ ወጣ?

ጨውን ከደጃፉ አስቀመጥኩት፤ እዚያው ነው፣ ረጥቧል።
ካሜራዋን አነሳሁ። ዛሬም ዝናብ ይላል።